ስም ያወጣሁለት አምባዛ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ "ድሮም ፈሪ ነበረች" እንዳትሉኝ፤ ልጅ ሆኜ ሰይጣን ያድርበታል የተባለ ወይራ ሥር ተቀምጬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ "የታለ? ለምን አይወጣም?" ያልኩ፣ በዚህ ምላሴ ስንቴ የተቆነጠጥኩ፣ ካደግኩም በኋላ ሰው ጥላ ወጊ ቢለኝ፣ ውቃቢ ቢለኝ፣ "በማይክሮስኮፕ አሳየኝ" ብዬ አፉን የማስዘጋ ሰው ነኝ። አሁንም አላምንም። ግን ስልኬ እየጠራ ነው፣ አላነሳሁትም፣ ለምን እንደማላነሳው ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ደግሞ የምፈነዳ መሰለኝ፣ ስለዚህ ስሙኝ።

ሥራዬ ዓሣ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወንዝ ዓሣ እየለየሁ ማን የማን ዘር እንደሆነ አጠናለሁ፤ የመንዝ ልጅ ዓሣ ታጠናለች ሲባል ያልሳቀ የለም፣ አጎቴማ "ምነው፣ በግ አለቀ እንዴ?" ብሎኝ ነበር። ከዓሣም የያዝኩት አምባዛን ነው፣ ያንን ጢማም፣ ጭቃ ለጭቃ የሚሹለከለከውን፤ ቅርፊት ስለሌለው በእኛ አገር ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው አይበላውም፣ ስለማይበላም ማንም አይነካውም፣ እኔን ደግሞ ደስ የሚለኝ ይሄው ነበር፣ ሰው ባልነካው ገደል ውስጥ ገና ስም ያልወጣለት አምባዛ ሊኖር ይችላላ።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ደረጀ ታላቄ ነው። "ነው" እላለሁ፣ "ነበር" ማለት እናታችን ቤት ክልክል ነው። መርሐቤቴ ማዶ መምህር ሆኖ ሲሠራ፣ እረፍት በሆነ ቁጥር መኪና ዞሮ እስኪመጣ አልጠብቅም እያለ ገደሉን በእግሩ ወርዶ፣ ወደ ወንጭት የሚገባውን ወንዝ ተሻግሮ፣ ወዲህ ወደ መንዝ ይወጣ ነበር፤ ከዓመታት በፊት አንድ ክረምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ደራሽ ውኃ ሆኖ መጣና ወሰደው። ቦርሳውን አንድ ግራር ላይ ተጠላልፎ አገኙት፣ እሱን ግን አላገኙትም፣ እስከ ዛሬ።

እናቴ እርሟን አላወጣችም። ካህኑ መጡ፣ ዕድርተኛው ድንኳን ይዞ መጣ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ "እዚህ ቤት የሞተ ሰው የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግቡና እህል ቅመሱ" ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ መሐል ሜዳ ከተማ ያለውን የቤቷን በር በየጠዋቱ ስትከፍት አንድ ጊዜ "ደረጀ!" ትላለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ መልስ ሲጠፋ ወደ ሥራዋ ትገባለች። አላለቀሰችም፣ አንድ ቀን እንኳ፤ ያላለቀሰች እናት ምን እንደምትመስል ያላየ ሰው አያውቀውም፣ ቆማ እየደረቀች ነው። ይህ ነገር እኔን ከውስጥ ይበላኝ ነበር።

ደረጀ ሲጠሩት ለሁሉም ሰው "ወዬ" ነው የሚለው፣ ለትልቁም ለትንሹም፣ ያውም ጎተት አድርጎ፣ ለዳይሬክተሩም ጭምር፣ ስንቱን አስቀይሞበታል። "አቤት" የሚለው ለእናታችን ብቻ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ።

እንግዲህ አምና ዝናቡ ሲያባራ፣ እሱ ከሚሻገርበት በታች፣ ወንዙ ቆሞ ከሚጠልቅበት ቦታ ዳር፣ ሞቶ የተጣለ አምባዛ አገኘሁ፤ ግማሹ በስብሷል፣ ግን ዓይኑ ላይ ቆዳ ተከድኖበታል፣ የራስ ቅሉ አጥንትም እስከዚያ ቀን ካየኋቸው ሁሉ የተለየ ነው። አዲስ ነው! እየዘለልኩ ነበር። በእኛ ሥራ ደግሞ አዲስ ፍጥረት ያገኘ ሰው በሚወደው ሰው ስም ሊሰይመው ይችላል፣ ስሙ ላይ የላቲን ጅራት ይቀጠልበትና ዓለም ሁሉ በዚያ ይጠራዋል። ብቻ አንድ ሕግ አለ፣ ስም ያለ አካል አይጸናም፤ አንድ ያልተበላሸ ዓሣ ፎርማሊን፣ ማለትም እንዳይበሰብስ የሚያደርገው መርዝ ውስጥ ገብቶ፣ ማንም መጥቶ እንዲያየው መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት። እኔም በልቤ እንዲህ አልኩ፣ የደረጀን አካል ለእናቴ ማምጣት ካልቻልኩ፣ ስሙን የያዘ አካል ከዚያው ወንዝ አወጣላታለሁ፣ ታየዋለች፣ ምናልባት ታለቅሳለች፣ ምናልባት እርሟን አውጥታ ታርፋለች። የፈለግኩት ይህንን ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወረድኩ። ገዛኸኝ የሚባለው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ከዘመሮ ከተማ አለፍ ብሎ ገደሉ አፍ ላይ መኪናውን ይዞ ቀረ፣ እኔን የመራኝ ሽብሩ ነው፣ ገደሉ ወገብ ላይ የሚያርስ፣ ደረጀንም ያኔ ሲፈልጉ ከነበሩት አንዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አለና፣

"መምህርት፣ ታች ስንደርስ በስም አንጠራራም፣ እሺ?" አለኝ።

"ለምን ጋሽ ሽብሩ?"

"እንዲያው አንጠራራም። ከፈለግሽኝ አፏጪ።"

"ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?"

"እንግዲያ ድንጋይ ወርውሪብኝ" አለና ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። "ቀትር ላይ ውኃ ዳር የተጠራ ስም እዚያው ይቀራል ይባላል። እኔ አላውቅም። አባቶቼ አይጠሩም፣ እኔም አልጠራም።"

እሺ አልኩት፣ ሰው ለማስደሰት እንደሚባለው ያለ እሺ።

ታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ ላይ በውርጭ ጣታችን ደንዝዞ ነበር የተነሳነው፣ ታች ሹራባችንን አውልቀንም አልቻልነውም። መረብ ዘረጋን፣ ጠበቅን፣ የተለመደው ዓይነት ዓሣ እንጂ እኔ የምፈልገው ብቅ አላለም፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትቆም ሽብሩ "ይበቃናል፣ እንውጣ" አለኝ፣ "ትንሽ" አልኩት፣ "ቀትር ነው" አለኝ፣ "ታዲያ ቀትር ቢሆንስ?" አልኩት፣ ምላሴ እንደለመደው። እንዳልኩም ገደሉ ላይ ሲንጫጩ ያረፈዱት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ነው እስከዚያ ድረስ ይንጫጩ እንደነበር ያወቅኩት። ቀጥሎ ደግሞ ውኃው ራሱ ዝም ያለ መሰለኝ፣ ይፈሳል፣ በዓይኔ ይታየኛል፣ ድምፅ ግን የለውም። ጆሮዬ ነው ብዬ በጣቴ ቆረቆርኩት።

ከዚያ አንድ ነገር ቦት ጫማዬን ገፋ አደረገኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ እሱ ነው፣ ክንዴን የሚያክል፣ የነጣ አምባዛ፣ ዓይኑ በቆዳ የተከደነ፣ ጢሞቹን ጫማዬ ላይ ዘርግቶ ጎኑን አስደግፎብኛል። ወዳጆቼ፣ የዱር ዓሣ ሰው እግር ላይ አይደገፍም። እኔ ግን ደስታው አሳብዶኛል፣ በሁለት እጄ አነሳሁት፣ አልተወራጨም፣ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስገባሁት። እንደገባ "ጥርቅ… ጥርቅ…" የሚል ድምፅ አሰማ፣ እርጥብ በር ሲከፈት ዓይነት፤ ይህ አይግረማችሁ፣ አንዳንድ የአምባዛ ዘመድ የክንፉን እሾህ ከአጥንቱ ጋር እያፋጨ ይጮሃል፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ለተማሪዎቼም አስተምረዋለሁ።

ባልዲው ላይ አጎነበስኩ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የጠበቅኩት ነገር እዚያ ባልዲ ውስጥ ነበር፣ እናም አላሰብኩትም፣ እመኑኝ፣ የሽብሩ ነገር ትዝም አላለኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

"በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ደረጀ ነው" አልኩ። ደግሜም፣ ስሙ ካፌ ሲወጣ ደስ ስላለኝ ብቻ፣ "ደረጀ!" አልኩ።

"ወዬ" አለኝ።

ጎተት አድርጎ። ከባልዲው ውስጥ። እሾህ ሲፋጭ ምን እንደሚል ነገርኳችሁ፣ ይህ እሱ አይደለም፤ ይህ ደክሞት ገና አረፍ ያለ ሰው፣ ከሌላ ክፍል ሲጠሩት ሳይነሳ የሚመልሰው "ወዬ" ነው፣ ሃያ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የሰማሁት።

ቀና ስል ሽብሩ መረቡን እጁ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ ሆኗል። "ምንድን ነው?" አላለም፣ "ሰማሽ?" አላለም።

"ጠራሽው?" አለኝ።

"እኔ… ዓሣውን እኮ ነው…"

"መልሺው። አሁኑኑ ውኃው ውስጥ መልሺው።"

ያኔ ብመልሰው ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ግን ጭንቅላቴ ባዶ ሆኗል፣ ሰው ጭንቅላቱ ሲከዳው እጁ የለመደውን ይሠራል፣ የእኔ እጅ የለመደው ደግሞ ዓሣ አንስቶ ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው። ሰፊ አፍ ያለውን ጠርሙስ ከፈትኩ፣ ከተትኩት። እንደገባ ተወራጨ፣ ጠርሙሱ እጄ ላይ ዘለለ፣ ክዳኑን ሳጠብቅ ከውስጥ "አስኒ!" አለ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝም አለ። እኔ አስናቀች ነኝ። አስኒ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሽብሩ ቀድሞኝ ወጣ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። የቤቱ መንገድ ከሚገነጠልበት ስንደርስ ብቻ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ያኔ ወንድምሽን ስንፈልገው አንዳችንም ስሙን አልጠራንም። እናትሽን እንኳ ይዘን ነው ያስቀረናት፣ ወርጄ ልጥራው እያለች" አለ፣ ደህና ዋይ ሳይለኝም ሄደ።

ገዛኸኝ መኪናው ውስጥ ስገባ ስለ ሽታው ተነጫነጨ፣ "ይሄ መርዝሽ ዓይኔን አጠፋው" እያለ መስኮቱን ከፈተ፣ የእሱ ንጭንጭ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠርሙሱን በሹራቤ ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር ወትፌዋለሁ፣ የሚነካው ብረት የለም፣ ግን እስከ መሐል ሜዳ ድረስ ቀስ እያለ "ጥርቅ… ጥርቅ…" ይላል። ገዛኸኝ ፍሬኑ መሰለውና ሁለት ጊዜ ወርዶ ጎማ አየ። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ዓሣ አይጮህም፣ ምን ልበለው?

እናቴ ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር፣ ገዛኸኝ "ይህንን ይዘሽ ግቢልኝ፣ መኪናው ሲገማ አያድርም" ብሎ ጠርሙሱን አስታቅፎኝ ወደ ሆቴሉ ሄደ። ጓዳ ውስጥ፣ የእናቴ የተባዘተ ሱፍ ከተቆለለበት አጠገብ አስቀመጥኩት። ስለሰማሁት ነገር ትንፍሽ አላልኩም፣ ያቀድኩትን ብቻ ነገርኳት፣ አዲስ ዓሣ እንዳገኘሁ፣ ከዚያ ወንዝ እንደሆነ፣ በደረጀ ስም እንደምሰይመው፣ ስሙ ለዘላለም እንደሚቀመጥ። እንዝርቷን አቁማ ሰማችኝ። እኔም እንባዋን ጠበቅኩ።

"ስም የሚወጣውማ ለተወለደ ነው እንጂ ለሞተ ስም አይወጣም" አለችኝ ቀስ ብላ፣ ፊቷም በራ። "እሰይ ልጄ፣ አንቺም እንዳልሞተ ገባሽ ማለት ነው።"

ልቤ ተሰበረ። ራት እንኳ ሳልበላ ተኛሁ።

ጠዋት የነቃሁት በሩ ሲከፈት ነው። ውጪው በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ እንደ ሁልጊዜው "ደረጀ!" አለች።

"አቤት!"

ከጓዳ ነው የመጣው። እናንተዬ፣ ለእኔ "ወዬ" ያለው ድምፅ ለእናቴ "አቤት" አለ። ማን ነገረው? ገዛኸኝ አያውቅ፣ ሽብሩ አያውቅ፣ እኔም ለማንም አውርቼው አላውቅ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሼ ቀረሁ።

እናቴ አልጮኸችም፣ አልደነገጠችም፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፣ ብዙ ዓመት ውስጧ የያዘችውን፣ ከዚያ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ምን አቆየህ?" ብላ በሩን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ጓዳው ይቀዘቅዛል፣ እንስራው ውስጥ ያለው ውኃ እንኳ ስስ በረዶ ይዟል፤ የጠርሙሱ ክዳን ግን ከውስጥ በኩል አላቦታል፣ ሰው ሲተነፍስበት እንዳደረ። ዓሣው እንዳስገባሁት አልነበረም፣ ዞሮ ፊቱን ወደ በሩ አድርጓል፣ ጢሞቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል።

"እማዬ፣ ስጪኝ፣ ልውሰደው" አልኳት።

"የት?"

"መሥሪያ ቤት። መደርደሪያ ላይ መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ ስሙ አይጸናም።"

"መደርደሪያ?" ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አቀፈችው። "ልጄን? መደርደሪያ ላይ?"

ደጅ ገዛኸኝ ክላክስ ያደርጋል። ልቀማት እጄን ዘረጋሁ፣ እናቴ በሕይወቷ አይታኝ በማታውቀው ዓይን አየችኝ፣ እጄን መለስኩ። ትቼላት ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ስገባ መሥሪያ ቤት ላሉት ጠርሙሱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ዓሣው ተበላሸ አልኳቸው፣ አለቃዬ ሥራውን በሙሉ ሰረዘው፣ ግድም አልሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ስደውልላት እናቴ ደህና ናት። መጥፎው እሱ ነው፣ ደህና ናት፣ ትስቃለች፣ እህል ትበላለች፣ ድምፅዋ ወፍሯል። "በየጠዋቱ አቤት ይለኛል" ትለኛለች፣ እኔም "ይበል እማዬ" እላለሁ፣ ምን ይደረግ፣ አርጅታለች፣ እኔም ያን ቀን ፀሐይ መትቶኝ ነው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። እንቅልፍም ይወስደኝ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት ደወልኩላት።

"ክዳኑ አፈነው መሰለኝ፣ ከፈትኩለት" አለችኝ።

"እማዬ! መርዝ እኮ ነው! ሳንባሽን ያቃጥለዋል፣ አሁኑኑ ክደኚው!" ጮህኩባት፣ የምጮህበት እውነተኛ ምክንያት በማግኘቴ ደስ እያለኝ።

"ምን እከድናለሁ፣ ባዶ ጠርሙስ?"

"ባዶ? ዓሣውስ?"

"የምን ዓሣ? መደብ ላይ ተቀምጧል። ብርድ ብርድ ብሎታል፣ ጋቢ ደረብኩለት፣ ግን ውኃው ከላዩ አልደርቅ አለ።" ከዚያ አፏን ከስልኩ ራቅ አድርጋ "ደረጀ! እህትህ ናት" አለች።

"አቤት" ሲል ሰማሁት። በስልክ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ።

"አሁንስ ለምን ትለፊያለሽ፣ ራሱ ያናግርሽ" አለችኝ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ፣ እርጥብ ነገር ሲይዘው ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ጆሮዬ ሥር "ጥርቅ… ጥርቅ…" አለ፣ ከዚያ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው አየር ወደ ውስጥ ሳበ።

ዘጋሁት።

ወንድሜ ከሆነ፣ እሱን ከነሕይወቱ ፎርማሊን ውስጥ የከተትኩትም፣ ዛሬ ጆሮው ላይ የዘጋሁበትም እኔ ነኝ። ካልሆነ ደግሞ እናቴ ብቻዋን ከማን ጋር እንደተቀመጠች አላውቅም። የዛሬው የመሐል ሜዳ መኪና ሄዷል፣ የነገው የሚነሳው ጠዋት ነው፣ እሄዳለሁ፣ በር ላይ ስደርስ ማን ብዬ እንደምጣራ ግን አላወቅኩም። ስልኩ አሁንም ይጠራል። የእናቴ ቁጥር ነው።